አባይ ከጣና ሲወጣ ወፍና ጉማሬ እንዴት ማየት ይቻላል?

ባህር ዳር ሰንብቶ ጉማሬ ሳያይ የሚመለሰው ብዙ ነው። አባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ እዚያው ከተማው አጠገብ ነው። ችግሩ ሰው የሚሄደው ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ሞተር እያስጓራ መሆኑ ነው።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጀልባው ጋ ድረሱ። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ጨርሱ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ዝናቡ አልፏል፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም አሉ። በስልክ ዙም አትመኩ። 8 በ42 የሚባለው፣ 8 ጊዜ የሚያጎላው ባይኖኩላር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው ጀልባ ላይ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል።

ዋናው ጣጣ ደንገሉ ነው። ዝም ብሎ ላየው አረንጓዴ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ወፏን ሳይሆን ቤቷን ፈልጉ። ሞተሩ ይጥፋ፤ 10 ደቂቃ ያህል ዝም በሉ። መጀመሪያ ክፍቱን ውሃ እዩ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ትንሽ ወፍ አየር ላይ ቆማ ክንፏን ካርገበገበች ዓይናችሁን አትንቀሉ፤ ዓሣ ልትይዝ ልትወረወር ነው። ቀጥሎ ውሃው ላይ የተንሳፈፈውን ቅጠል። እዚያ የምትራመደው ወፍ የማትሰምጠው ረጃጅም ጣቶቿ ክብደቷን ስለሚበትኑላት ነው። ከዚያ የደንገሉን ሥር፤ ሽመላ የምትቆመው እዚያ ነው፣ ካልተንቀሳቀሰች አትለይም። መጨረሻ ላይ ሾላውንና ዋርካውን ቀና ብላችሁ እዩ። ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ በል ንስር ውሃውን የሚቃኘው ከላይኛው ቅርንጫፍ ነው። ሾላ ያፈራ ዕለት ደግሞ ፍሬ የሚበላው ወፍ ሁሉ እዚያ ነው፤ ሌላ ቦታ አትድከሙ።

ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል። የሚታየው ጆሮው፣ ዓይኑና አፍንጫው ብቻ ነው። አፉን ሲከፍት ለፎቶ ያምራል፤ እሱ ግን እንቅልፍ አልመጣበትም፣ «ሂዱልኝ» ነው የሚለው። ባለጀልባው «ላስጠጋችሁ?» ካለ እምቢ በሉ። በደንገል ታንኳማ ጭራሽ አይሞከርም። በእግር ከሆናችሁ በጉማሬውና በውሃው መካከል አትግቡ።

ውሃው ላይ ሐምራዊ አበባ ያለው እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም ነው። ማማሩ አያታላችሁ። ጣና ላይ መጀመሪያ የታየው በፈረንጆቹ 2011 ሲሆን ከቁራጩ እንደገና ይበቅላል። ወደ ሌላ ዳር ከመሻገራችሁ በፊት ሞተሩ ላይ የተጠመጠመውን አውጥታችሁ ደረቅ መሬት ላይ ጣሉት፤ መልሳችሁ ውሃ ውስጥ እንዳትከቱት።