ባለ አንድ ማርሽ የድሮ ብስክሌት፦ ሽርሽር ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ባሕር ዳር ለብስክሌት የተመቸች ከተማ ናት። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ዘንባባው ያጠላል፤ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ፊት ላይ ነፈስ ይላል። ለእንዲህ ዓይነት ሽርሽር የሻንጋይዋ ፊኒክስ፣ ያቺ ጥቁሯ ባለ አንድ ማርሽ፣ ለእኔ አቻ የላትም። ቀስ ብላችሁ ስትነዷት የቱ ጋ እንዳመማት ድምፁ ይነግራችኋል። ዕቃ ልቀይር ብላችሁ ከመሮጣችሁ በፊት አዳምጧት። አብዛኛው ችግር በመፍቻ፣ በላምባና በጥቂት ዘይት ይድናል።

በየዙሩ አንዴ «ቋ» ትላለች

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድምፁ ስትረግጡ እየመጣ መርገጥ ስታቆሙ ከጠፋ፣ ችግሩ ጎማው ጋ ሳይሆን ፔዳሉ ጋ ነው። በድሮዎቹ ብስክሌቶች ፔዳሉን የተሸከመው ክንድ ከመሀለኛው ዘንግ ጋር የሚያያዘው በትንሽ የብረት ሽብልቅ ነው። ሽብልቁ ሲላላ ክንዱ በየዙሩ ይንሸራተትና ይመታል።

ለማረጋገጥ አንዱን ፔዳል ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አድርጋችሁ ሁለቱንም በእጅ ተጫኑ። ግማሽ ዙር አዙሩና ድገሙት። አንደኛው ክንድ ዘንጉን ጥሎ ትንሽ ነቅነቅ ካለ የላላው የእሱ ሽብልቅ ነው።

ዳዶውን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም። ሽብልቁን ጎትቶ ለማስገባት አቅም የለውም፤ ጥርሱ ይበላል። ከክንዱ ሥር ወፍራም እንጨት ደግፉ። ዳዶ የሌለበትን የሽብልቁን ጫፍ በመዶሻ ጠበቅ አድርጋችሁ ምቱ፤ ከዚያ ዳዶውን እሰሩ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ደግማችሁ እሰሩት። የሽብልቁ ጠፍጣፋ ጎን ከተበላ ግን ቀይሩት። እኔ «ቋ» እያለች ሁለት ሳምንት ነድቼያት የክንዱ ቀዳዳ ሰፋ። ከዚያ በኋላ አዲስ ሽብልቅም አልያዘውም። አብሯት የመጣ ክንድ ስለነበር እስካሁን ይቆጨኛል።

ካቴናው ይወልቃል

ካቴናው ረዝሟል ወይም የኋላ ጎማው ወደ ፊት ሸሽቷል። የኋላውን ሁለት ዳዶ አላሉ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ መሀል መሆኑን እያያችሁ እሰሩ። ካቴናው መሀሉ ላይ ሲነካ ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይንቀሳቀስ። ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ አዙሩና በጣም በሚወጠርበት ቦታ ለኩ። ከዚህ በላይ ከወጠራችሁት ኩሽኔታውን ይበላዋል። ጎማው ቦታ ስለቀየረ የኋላ ፍሬኑንም እዩት።

ፔዳሉ በባዶ ይዞራል

ለረጅም ጊዜ በቆመች ብስክሌት ላይ ይበዛል። ከኋላ ጥርሱ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ምላሶች በደረቀ ግራሶ ተጣብቀው አይነሱም። ብስክሌቷን በጎኗ አስተኟት። በሚዞረውና በማይዞረው ብረት መሀል ባለው ክፍተት ላምባ ጠብ ጠብ አድርጉ፤ ጥርሱን ወደ ኋላ አሽከርክሩ። መጀመሪያ ጥቁር እድፍ ይወጣል። ጠራ ሲል የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጨምሩ። ያ «ጥርርር» የሚለው ድምፅ ሲመለስ ደስ ይላል! ግራሶ እዚህ አታስገቡ፤ መልሶ ያጣብቃል።

ዝናብ ሲዘንብ ፍሬን አትይዝም

ቸርኬው ብረት ስለሆነ ሲረጥብ የፍሬኑ ጎማ ይንሸራተትበታል። በክረምት ከመቆሚያችሁ በፊት ቀደም ብላችሁ ፍሬኑን ለስለስ አድርጋችሁ በመያዝ ውሃውን አስጠርጉት። ዘይት ነክቶት ከሆነ ቸርኬውን በሳሙና እጠቡ።

ትከብዳለች

መጀመሪያ የጎማውን አየር እዩ። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ልክ ተከተሉ፤ በእጅ መንፊያ ንፉ። ጉልበት ካመማችሁ ደግሞ ኮርቻው ዝቅ ብሏል። ተረከዛችሁ ዝቅ ያለው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግራችሁ ቀጥ እስኪል ከፍ አድርጉት።

ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ብትከብድ ግን ብልሽት አይደለም፤ ማርሿ አንድ ነው። ወርዳችሁ ግፏት። ስትመለሱ ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጨብጡና ወደ ፊት ግፏት። ጎማው ከዞረ በእግራችሁ ውረዱ።