ቀንዳሙን አባጨጓሬ ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

የጃካራንዳ ዛፍ ሥር ስትጠርጉ ከቁንዶ በርበሬ ፍሬ የሚተልቅ፣ ቦይ ቦይ የወጣበት ኩስ ካገኛችሁ ቀና ብላችሁ ቅጠሉን ፈትሹ። ጸጉር የሌለው፣ እስከ 12 ወይም 13 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ከኋላው ቀንድ ያለው አባጨጓሬ ሊኖር ይችላል። ስፊንክስ ከሚባሉት የእሳት እራቶች ወገን ነው፤ ሲደነግጥ የፊት ገላውን አንሥቶ ጭንቅላቱን ስለሚሰበስብ በግብጹ ሐውልት ስም ተጠራ። በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ ዝርያዎች ስላሉት መሳሳት ቀላል ነው።

ትልቁ ስህተት በቀለም መፍረድ ነው። እኔም ወድቄበታለሁ፤ በአንድ ዛፍ ላይ ቢጫ፣ አረንጓዴና ቡናማ አይቼ ሦስት ዝርያ ነው ብዬ በማስታወሻዬ አሰፈርሁ። ሦስቱም አኬሮንቲያ አትሮፖስ ነበሩ፤ ክንፍ ሲያወጣ ትከሻው ላይ የራስ ቅል የመሰለ ምልክት የሚታይበት፣ ሌሊት ቀፎ ገብቶ ማር የሚመጠው፣ ሲይዙት ሲጥ የሚለው የእሳት እራት። ቢጫውና አረንጓዴው በየጎናቸው ሰባት ሰያፍ መስመሮች አሏቸው። በቡናማው ላይ እነዚህ መስመሮች ጎልተው አይታዩም፤ ደረቱም ነጣ ይላል። ቡናማ የሚሆነውም ቆዳውን ለመጨረሻ ጊዜ ከቀየረ በኋላ ስለሆነ፣ ትናንት አረንጓዴ የነበረው ዛሬ ቢለወጥ ሌላ አባጨጓሬ መጣ አትበሉ። ይልቅ ቀንዱን ተመልከቱ፦ ሸካራ፣ ቁልቁል ወርዶ ጫፉ ወደ ላይ የሚቀለበስ ነው። በስኳር ድንች ላይ የሚገኘው ዘመዱ አግሪየስ ኮንቮልቩሊ ግን ቀንዱ ልሙጥ ሆኖ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው።

ቀንድ ያለው ሁሉ ስፊንክስ ነው ማለትም አያስኬድም፤ የሐር ትል እንኳ ከኋላው ትንሽ ቀንድ አለው። ቀንዱ ይናደፋል የሚለውም ከንቱ ፍርሃት ነው። አባጨጓሬ ሲባል ሁላችንም የሚያሳክከውን ጸጉራሙን ስለምናስብ ይመስለኛል። ይኸኛው ሲነኩት መንጋጋውን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል።

የተገኘበትን ዛፍ ምግቡ ነው ብሎ መደምደምም ያሳስታል። ዛፉ የሚጠቅማችሁ ቅጠሉን ሲበላ ካያችሁት ነው። እድገቱን የጨረሰ አባጨጓሬ መብላቱን ትቶ፣ ቀለሙ ጠቁሮ፣ የሚቀበርበት አፈር ፍለጋ ይንከራተታል፤ ያን ጊዜ ግድግዳ ላይም ይገኛል።

በእንዲህ ያሉ አባጨጓሬዎች ጀርባ ላይ አንዳንዴ የሩዝ ፍሬ የመሰሉ ነጫጭ ነገሮች ተሰክተው ይታያሉ። እንቁላል አይደሉም፤ አባጨጓሬ እንቁላል አይጥልም። ሆዱ ውስጥ ሲበሉት የቆዩ የጥቃቅን ተርቦች እጮች ወጥተው የፈተሉት ቤት ነው።

ፎቶ ስታነሡ ከላይ ብቻ አታንሡ፤ የጎኑ መስመርና የቀንዱ ቅርጽ ይጠፋል። አጠገቡ ሳንቲም አኑሩ። አሳድጌ ልየው ካላችሁ ደግሞ ቅጠሉን ከዚያው ዛፍ ቁረጡለት። እኔ ያቀረብሁለትን ጎመን ሳይነካው አደረ።