ራንታይም ሲጭኑም ሲያጠፉም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጃቫ፣ ዶት ኔትና ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ራሳቸውን ችለው የሚከፈቱ ፕሮግራሞች አይደሉም፤ ሌላው ፕሮግራም እንዲሠራ ከሥር የሚደግፉት ራንታይሞች ናቸው። የሚጠይቃቸው ፕሮግራም ከሌለ የሚጫኑበት ምክንያት የለም።

«ለማንኛውም ይኑር» ብሎ ጃቫ መጫን። ተራ ተጠቃሚ ጃቫን ይፈልገው የነበረው በዋናነት ለድረ ገጽ ነበር። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2015፣ ፋየርፎክስ በ2017 የጃቫ ፕለጊንን (ጃቫን በአሳሹ ውስጥ የሚያሠራውን ተጨማሪ ክፍል) መደገፍ አቁመዋል። ማይንክራፍት እንኳ የሚያስፈልገውን ጃቫ ራሱ ይዞ ይመጣል። እንደ ሊብሬኦፊስ ቤዝ (የዳታቤዝ ፕሮግራም) በግልጽ የሚጠይቅ ፕሮግራም ከሌለዎት ያጥፉት፤ ሳይታደስ የከረመ ጃቫ ለሰርጎ ገቦች ክፍተት ነው።

የጎደለውን ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ፋይል) ለብቻው ማውረድ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። «ቪሲራንታይም140 አልተገኘም» የሚል መልእክት ሲመጣ ብዙ ሰው ፋይሉን ከማያውቀው ድረ ገጽ አውርዶ ሲስተም32 በተባለው የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ይከተዋል። ፋይሉ ከቫይረስ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ችግሩ አይፈታም። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሲስተም32 የሚይዘው፣ ስሙ እንደሚመስለው ሳይሆን፣ የ64 ቢት ፋይሎችን ነው፤ የ32 ቢቶቹ ቦታ ሲስዋው64 ነው። ከተደባለቁ ፕሮግራሙ በሌላ የስህተት መልእክት ይቆማል።

ትክክለኛው መንገድ ፋይሉ ያለበትን ሙሉውን የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጥቅል ከማይክሮሶፍት ማውረድ ነው። የትኛውን እንደሚፈልጉ በፋይሉ ስም ላይ ያለው ቁጥር ይነግርዎታል፦ 100 የ2010፣ 110 የ2012፣ 120 የ2013 ነው፤ 140 ደግሞ ከ2015 ወዲህ ያሉትን በአንድ ላይ የያዘው ጥቅል ነው።

ኤክስ64ን (የ64 ቢቱን ጥቅል) ብቻ መጫን። ወሳኙ የፕሮግራሙ ቢት እንጂ የኮምፒውተሩ አይደለም። ኤክስ86ንም (የ32 ቢቱን) ጨምረው ይጫኑ፤ ሁለቱ አይጋጩም።

«ተደጋግመዋል» ብሎ ማጥፋት። የ2008፣ የ2010ና የ2013 ጥቅሎች ተደርድረው ቢታዩም አንዱ ሌላውን አይተካም። ትናንት ይሠራ የነበረ የሒሳብ ፕሮግራም ወይም ጌም ዛሬ እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ጽዳት በኋላ ነው።

ዶት ኔቶችን አንድ አድርጎ ማየት። ዶት ኔት ፍሬምወርክ 4 ከዊንዶውስ 10ና 11 ጋር ይመጣል። ዶት ኔት 8 ግን ሌላ ነው፤ ፕሮግራሙ ከጠየቀ ከማውረጃው ገጽ «ዴስክቶፕ ራንታይም» የሚለውን ይምረጡ። ኤስዲኬ የተባለው ለፕሮግራም ሠሪዎች ነው፤ ዳታዎን በከንቱ ይበላል።

በድረ ገጽ ላይ ቪዲዮና ጌም ያጫውት የነበረውን ፍላሽ ፕሌየርን መፈለግ። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉን አቁሟል። ዛሬ «ፍላሽዎን ያድሱ» የሚል መስኮት ከመጣ ማጭበርበሪያ ነው፤ ምንም ነገር ሳያወርዱ ገጹን ይዝጉት።