ለትራውት ተንሳፋፊ ዝንብ ስናስር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጣና ትራውት የለውም፤ ውሃው ለዚያ ዓሣ ይሞቃል። ስለዚህ ባሕር ዳር ተቀምጠን ዓሣ ለማጥመድ በመንጠቆ ላይ በላባና በክር ሰው ሠራሽ ዝንብ የምናስር ሰዎች የምናስበው የባሌ ተራሮችን ቀዝቃዛ ወንዞች፣ ዌብንና ዳንካን ነው። የምንመስለው ሜይፍላይ የሚባለውን ነፍሳት ሲሆን፣ እሱም ከውሃው ወጥቶ ከመብረሩ በፊት ክንፎቹን ለጸሎት እንደተገጠሙ እጆች ቀጥ አድርጎ ለጥቂት ጊዜ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት የላባ ምርጫ ነው። የሴት ዶሮ ላባ ለስላሳ በመሆኑ ውሃ ይጠጣል፤ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ግን ጠንካራና አንጸባራቂ ስለሆነ ዝንቡን በጫፎቹ ይሸከመዋል። በ1922 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚሺጋን የተፈጠረው አዳምስ የሚባለው ዝንብ ቡናማና ጥቁር ከነጭ የተዥጎረጎረ ላባ ተደባልቆበት ይታሰራል፤ ለእኛ ቀይና ገብስማ አውራ ዶሮ ይበቁናል። እኔ ለፋሲካ ዶሮ ሲታረድ ገላው ፈላ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የአንገቱን ላባ እለቅማለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚነቀለው እርስ በርሱ ተጣብቆ ይመጣል። ልኩም መታየት አለበት፦ ላባውን በመንጠቆው ዘንግ ላይ አጥፈን ስናየው፣ የጠጉሩ ርዝመት ከመንጠቆው አፍ ስፋት (ከጫፉ እስከ ዘንጉ ካለው ርቀት) አንድ ተኩል እጥፍ ያህል መሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው ስህተት የማጥመጃው ክር የሚገባበትን የመንጠቆ ቀዳዳ መድፈን ነው። ጀማሪ ክንፉንና ላባውን ወደፊት እየገፋ ይሄድና መጨረሻ ላይ ቋጠሮ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። መንጠቆው ሞርሳ ላይ እንደታሰረ ከቀዳዳው ኋላ የሚቀረውን ባዶ ቦታ አስቀድሞ በዓይን መለካትና የምናስርበት ክር ከዚያ እንዳያልፍ መጠበቅ ይሻላል።

የዝንቡን ገላ ማወፈርም ያሰጥማል፤ ሜይፍላይ ቀጭን ስለሆነ ሰም በተቀባ ክር ላይ በጣት የሚጠቀለል ስስ ጠጉር ይበቃል። ጅራቱ ደግሞ ከመንጠቆው ዘንግ ርዝመት ካነሰ ዝንቡ በኋላው ይቀመጣል።

የመጨረሻው ስህተት ሳይፈትሹ ወደ ወንዝ መሄድ ነው። ዝንቡን ከአንድ ስንዝር ከፍታ ብርጭቆ ውሃ ላይ መጣል ይበቃል፤ በላባውና በጅራቱ ጫፎች ቀጥ ብሎ ከቆመ ደህና ነው፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ግን ሁለቱ ክንፎች እኩል ስላልሆኑ ፈትቶ እንደገና ማሰር ያስፈልጋል።