ከ40 በኋላ ፊት ሲቃጠል፦ ሮዜሽያንና ቶሎ የሚቆጣ ቆዳን እንዴት እንያዘው

እድሜ 40ን አለፍ ሲል ፊታችሁ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር እየወጣ፣ ጉንጭና አፍንጫ አካባቢ እየጋለ እየለበለበ፣ ለዓመታት የተቀባችሁት ቅባት ራሱ አሁን እንደ ሚጥሚጣ የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ይሄ ለናንተ ነው። ብዙዎቻችን ወይ ብጉር ነው እንላለን ወይ አለርጂ ወይ ማድያት ጀመረኝ ብለን የተገኘውን ሁሉ እንለቀልቃለን፣ ግን ሮዜሽያ የሚባለው፣ ፊትን እየተመላለሰ የሚያቃጥልና የሚያስቆጣ የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ባለው እድሜ ነው የሚጀምረው። የፈረንጅ በሽታ ነው ሲባል ትሰሙ ይሆናል፣ እኛም ላይ አለ እኮ፣ ልዩነቱ ፈረንጅ ላይ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ስለሚቀላ ወዲያው ይታወቃል፣ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ይደበቅና ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ የሚመስል ጥላ ብቻ ይሆናል፣ እና ዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል።

ስለዚህ ቀለሙን ተዉትና ስሜቱን ተከታተሉ። ፊት ድንገት መጋል፣ መለብለብ፣ ውሃ ሲነካው መቆጥቆጥ፣ መወጠር፣ መድረቅ፣ ከዛ ጉንጭ አፍንጫ ግንባርና አገጭ ላይ ትናንሽ እብጠቶች። እብጠቶቹ ብጉር ይመስላሉ ግን ብጉር ላይ የምናውቃቸው ጥቋቁር ብላክሄዶች የሉትም። ፊታችሁ ሲነሳባችሁና ሲረጋ መስኮት አጠገብ በተመሳሳይ ብርሃን ፎቶ አንሱት፣ ከጀርባ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጨርቅ ካለ ቅላቱ የተሻለ ይወጣል፣ ሀኪም ጋ ስትሄዱ በጣም ይጠቅማል ምክንያቱም ቀጠሮው ቀን ፊታችሁ ሰላም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሴት ፊቷን ያጣችው በዚህ ነው። ፊት ያቀላል፣ ማድያት ያጠፋል ተብለው ሱቅ ውስጥ የሚሸጡ ክሬሞች ብዙዎቹ ውስጥ ስቴሮይድ (የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ ጠንካራ መድሀኒት) አለ። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን የሚል ስም ካያችሁበት እሱ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ደሞ ጭራሽ አልተጻፈም። መጀመሪያ ቀን ተአምር ይሰራል፣ መቃጠሉም ይጠፋል እብጠቱም ይጠፋል፣ ግን ውስጥ ውስጡን ቆዳውን እያሳሳው ደም ስሩን እያሰፋው ይሄድና ራሱ ሮዜሽያ የመሰለ ነገር ያመጣል፣ ስታቆሙት ፊት ክፉኛ ይነሳል፣ ፈርታችሁ መልሳችሁ ትቀቡታላችሁ፣ እንዲህ እያለ ዓመት ይሄዳል። ለወራት ከተቀባችሁት በራሳችሁ በአንዴ ከመጣል የቆዳ ሀኪም እያየው ብታቆሙት ነው የሚሻለው፣ መነሳቱ ሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል ያለ እርዳታ ብዙ ሰው አይችለውም።

ቤት ውስጥ ደሞ ሎሚ፣ እርድ፣ የቡና አተላ ስክራብ፣ ፌጦ፣ የጥርስ ሳሙና ምናምን፣ እባካችሁ ከፊታችሁ ላይ አንሷቸው። ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም የሚባለው ሎሚን አያውቅም ማለት ነው፣ አሲድ እኮ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ትንሽ ነገር። ለብ ባለ ውሃ፣ ሽታ በሌለውና አረፋ በማያበዛ የፊት መታጠቢያ፣ በጣት ብቻ ታጠቡ፣ በፎጣ ሳትፈትጉ ቀስ ብላችሁ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁ። ከዛ ሽታ የሌለው ማለስለሻ፣ ግሊሰሪን ወይም ሴራማይድ ያለው ከተገኘ አሪፍ ነው። አዲስ ነገር ስትገዙ ፊት ላይ ከመቀባታችሁ በፊት አንገት ላይ ወይ ከጆሮ ኋላ ለተወሰኑ ቀናት ሞክሩት፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጀምሩ፣ ሶስት ነገር በአንዴ ጀምራችሁ ቢነሳባችሁ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ።

ፀሀይ ትልቁ ቀስቃሽ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ከፍታው ላይ ጨረሩ ይበረታል፣ ደመናም ቢሆን። ሰንስክሪን (የፀሀይ መከላከያ ቅባት) SPF 30 እና ከዛ በላይ የሚል፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ለሚቆጣ ቆዳ ይሻላል፣ ነጭ ነጭ አደረገኝ ለምትሉ ደሞ ቀለም ያለው አለ፣ እሱ ውስጥ ያለው አይረን ኦክሳይድ ለማድያትም ይረዳል። ውድ ነው ካላችሁ ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ያዙ፣ ማንም ምን ይበል።

ከዛ ሙቀት። ምጣድ ላይ ጎንበስ ብሎ እንጀራ መጋገር፣ የፀጉር ቤት ካስክ ውስጥ መቀመጥ፣ ወይባ፣ ስቲም፣ ሳውና፣ ሁሉም ፊት ያነሳል። እንጀራውን በየመሀሉ እረፍት እየወሰዳችሁ መስኮት ከፍታችሁ ጋግሩ፣ ካስኩን ቀዝቃዛ ላይ አስደርጉት። ወይባ ለምትወዱ ይቅርታ፣ ፊታችሁ እስኪረጋ ቢቀር ጥሩ ነው። አረቄ፣ ጠጅ፣ ቢራ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ የሚያነሳባቸው ብዙ ናቸው ግን ሁሉም ሰው ላይ አይደለም፣ ስለዚህ ሁሉንም ከመከልከል የበላችሁትንና የተነሳበትን ቀን እየጻፋችሁ የራሳችሁን ለዩ። ቡናን ግን ቶሎ አትወንጅሉ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ትኩስነቱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በብዙ ሺህ አሜሪካውያን ነርሶች ላይ የወጣ ጥናትም ቡና የሚጠጡት ላይ ሮዜሽያን አንሶ ነው ያገኘው። ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ጠጡ።

በማረጥ ሰሞን ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ ቆዳ ይሳሳል ይደርቃል፣ ያ ድንገት ሙቀት የሚመጣውም ፊት ላይ ነው የሚያርፈው። ሲመጣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አንገት ላይ፣ የሚወልቅ ልብስ መደራረብ፣ ሙቀቱ ከበዛ ደሞ ለማህፀን ሀኪማችሁ ንገሩ፣ መፍትሄ አለው፣ ዝም ብሎ የሚቻል ነገር አይደለም።

መድሀኒትም አለ። ሜትሮኒዳዞል በክሬም ወይ ጄል መልክ (ለአሜባ የምንውጠው ስሙ አንድ ነው ግን ክኒኑን ፈጭቶ መቀባት አይደለም)፣ አዜላይክ አሲድ 15 ፐርሰንት፣ ይሄ የጠባሳውን ጥቁረትም ስለሚያቀል ለኛ ቆዳ ጥሩ ነው፣ መጀመሪያ ትንሽ ይቆጠቁጣል፣ አይቨርሜክቲን 1 ፐርሰንት፣ ሲብስ ደሞ በሀኪም ትእዛዝ የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን፣ እርጉዝ ለሆነች አይሆንም። በ3 ቀን ለውጥ አትጠብቁ፣ 2 እና 3 ወር ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው ሊሰራ ሲል ነው የሚያቆመው። ጨርሶ የሚጠፋ አይደለም፣ ግን ተይዞ ይኖራል።

አይናችሁ አሸዋ እንደገባበት የሚቆረቁር፣ የሚደርቅ፣ ሽፋሽፍቱ ስር የሚያብጥ ከሆነ የአይን ሀኪም ጋ አትዘግዩ፣ ሮዜሽያ አይንም ይይዛል። ሽፍታው ላይ የመገጣጠሚያ ህመም፣ ድካም፣ የአፍ ቁስል ከተጨመረበት ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ) ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። አዲስ አበባ ያላችሁ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው፣ ውጪ ሀገር ያላችሁ ደሞ ሀኪሙ ቅላት አላይም ካላችሁ ይቃጠላል፣ ይግላል በሉ፣ ፎቶውን አሳዩ። ስትሄዱ ቤት ያለውን የፊት ቅባት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ስም የሌለበትንም ጭምር፣ ጓደኛ ያካፈለቻችሁንም።