ስለ ቻይና ታሪክና ማኅበረሰብ ሌክቸር ሲከታተሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስሞችን እንደ እንግሊዝኛ ማንበብ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 ያጸደቀችው የላቲን አጻጻፍ ፒንዪን ለፊደላቱ የራሱን ድምፅ ሰጥቷቸዋል። ኪው ወደ «ቸ»፣ ኤክስ ወደ «ሸ»፣ ዜድና ኤች ሲከታተሉ ደግሞ ወደ «ጀ» ይጠጋሉ። ስላይድ ላይ ያየውን «ቂንግ» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ መምህሩ «ቺንግ» ሲሉ ሌላ ሥርወ መንግሥት የመጣ ይመስለዋል። ይባስ ብሎ ቺን (221–206 ቅ.ል.ክ.) እና ቺንግ (1644–1912) የሚለያዩት በመጨረሻዋ ድምፅ ነው፤ በመካከላቸው ግን ከ1,800 ዓመት በላይ አለ። ስሙን ሲጽፉ ዘመኑንም አጠገቡ ይጻፉ።

ሁለተኛውን ስም የአባት ስም ማድረግ። ማኦ ዜዱንግ ሲባል ማኦ የቤተሰቡ፣ ዜዱንግ የራሱ መጠሪያ ነው። በለመድነው መንገድ «ማኦ» ብለን ብንጠራው አጋጣሚ ሆኖ ያስኬዳል፤ አባቱ ዜዱንግ ይባል ነበር ካልን ግን ስተናል።

የንጉሠ ነገሥቱን መጠሪያ ከስሙ ጋር ማምታታት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ ሲወለድ ሊ ሺሚን ነበር። ታይዞንግ ግን ተፈሪ መኮንን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንደተባሉበት ያለ የንግሥና ስም አይደለም፤ ከሞተ በኋላ ለአባቶች መታሰቢያ መቅደስ የወጣለት ስለሆነ በሕይወቱ አንድም ቀን አልተጠራበትም። የሃን ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ውዲም ከሞት በኋላ የተሰጠ የክብር ስም ነው። የቺንጉ ካንግሺ ደግሞ የዘመነ መንግሥቱ ስያሜ ሲሆን ሰውየው ሹዋንዬ ይባላል። በጥቅሉ ሃኖችን በክብር ስም፣ ታንግና ሶንግን በመቅደስ ስም፣ ሚንግና ቺንግን በዘመን ስያሜ ይያዟቸው።

ሥርወ መንግሥታትን እንደ ወረፋ መደርደር። «ታንግ፣ ሶንግ፣ ዩዋን» ብሎ መሸምደድ ለፈተና ይረዳ ይሆናል፤ የሆነውን ነገር ግን ይሸፍናል። ታንግ በ907 ወድቆ ሶንግ በ960 እስኪነሣ ሰሜኑ አምስት ሥርወ መንግሥታትን አፈራርቋል። ሶንግም ብቻውን አልነገሠም። በሰሜን ኪታን የሚባል ሕዝብ መንግሥት የሆነው ሊያው፣ በሰሜን ምዕራብ ምዕራባዊ ሺያ የሚባል ሌላ መንግሥት ነበሩ። በ1005 በተደረገው የቻንዩዋን ስምምነት ሶንግ ለሊያው በየዓመቱ 200,000 ጥቅል ሐርና 100,000 ሊያንግ ጥሬ ብር (አንዱ ሊያንግ 40 ግራም ገደማ) ሊከፍል ተስማማ። በ1127 ጁርቼን የሚባሉ የሰሜን ምሥራቅ ሕዝቦች ዋና ከተማውን ካይፈንግን ሲይዙ ቤተ መንግሥቱ ወደ ደቡብ ሸሽቶ በዛሬዋ ሃንግጆው ተቀመጠ። የዛሬዋ ቤጂንግማ ከጥቂት ዓመታት በቀር በሶንግ እጅ አልነበረችም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንድ ወረቀት ላይ ዓመታቱን አግድም ዘርግተው ሰሜኑን ከላይ፣ ደቡቡን ከታች ይሙሉ።

ታላቁን ግንብ በሙሉ ለመጀመሪያው የቺን ንጉሠ ነገሥት ለቺን ሺ ኋንግ መስጠት። በፎቶ የምናየው የባዳሊንግ የድንጋይና የጡብ ግንብ የሚንግ ዘመን (1368–1644) ሥራ ነው። የቺኑ በአብዛኛው የተጠቀጠቀ አፈር ነበር።

ከአውሮፓ ዘመን ወደ እኛ ሲቀይሩ ሁልጊዜ ስምንት መቀነስ። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ የሚቀነሰው ሰባት ነው። ቺንግን የጣለው የዉቻንግ አመፅ ኦክቶበር 10 ቀን 1911 ሲጀመር በእኛ መስከረም 29 ቀን 1904 ነበር፤ ሕፃኑ ንጉሥ ፑዪ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1912 ከዙፋን ሲወርድም ገና 1904 ነው። እዚያ በሁለት ዓመት የተጻፈው እኛ ዘንድ አንድ ዓመት ይሆናል።

የአንድ ልጅ ፖሊሲን ለሁሉም እኩል የሠራ ማስመሰል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2015 ሕጉ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ይለያይ ነበር። ከ1984 በኋላ በብዙ ክፍለ ሀገሮች የመጀመሪያ ልጃቸው ሴት የሆነች ገበሬዎች ሁለተኛ እንዲወልዱ ተፈቅዷል፤ ለብዙዎቹ አናሳ ብሔረሰቦችም ሕጉ የላላ ነበር። «የቻይና ቤተሰብ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲሰሙ በከተማ ነው በገጠር፣ በየትኛው ክፍለ ሀገር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ብለው እጅ ያውጡ።