የቃል ኪዳን ቀለበት ኢንሹራንስ፦ የትኛውን ሽፋን፣ በስንት ብር?

ቀለበት የሚጠፋባቸውን መንገዶች እስቲ ቁጠሩ። ሊጥ ሲቦካ ይወልቅና መስኮት ላይ ይረሳል፤ ጣት ሲከሳ ልብስ አጠባ ላይ ሾልኮ ይቀራል፤ ጣና ላይ ከጀልባ ጠርዝ እጅ ሲነከር ይወድቃል፤ በሠርጉ ዕለት ከሚዜው ኪስ ከመሐረብ ጋር ይወጣል። ርካሹ የቤት ንብረት መድን ግን በአብዛኛው የሚሸፍነው እሳትንና ሰብሮ መግባትን ነው። ስለዚህ ወደ ኢንሹራንስ ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት ቀለበቱ በምን መንገድ ሊጠፋ እንደሚችል ተነጋገሩ፤ ሽፋኑን የምትመርጡት በዚያ ነው።

መጀመሪያ ግን፣ ያዋጣል ወይ? ሦስት ግራም የማይሞላ ልሙጥ ቀለበት ከሆነ ለብቻው ኢንሹራንስ አትግቡለት። ኩባንያዎች ከዚህ በታች አንቀበልም የሚሉት ዝቅተኛ አረቦን (ለመድኑ የሚከፈል ዋጋ) አላቸው። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ተነስቶ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ መመላለሱ ሲደመርበት፣ ያንን ገንዘብ ለሌላ ቀለበት ማስቀመጡ ይሻላል። የሁለታችሁ ቀለበት ከጥሎሹ ሐብልና ጉትቻ ጋር ተደምሮ ቢጠፋ መልሳችሁ የማትገዙት ሲሆን ነው ኢንሹራንሱ ትርጉም የሚኖረው።

ማስረጃውን ቀለበቱ በእጃችሁ ሳለ ሰብስቡ

ከወርቅ ቤቱ የምትቀበሉት ደረሰኝ ላይ ግራሙ፣ ካራቱ፣ የእጅ ዋጋው (የአንጥረኛው የሥራ ክፍያ) እና ድንጋይ ካለው የድንጋዩ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። «የወርቅ ቀለበት 1» ብቻ የሚል ደረሰኝ ካሳ ሲጠየቅ ብዙ አይረዳም። የቀለበቱን ውስጥ በአጉሊ መነጽር እዩ፤ 750 ማለት 18 ካራት፣ 875 ማለት 21 ካራት ነው። ቀለበቱን ሚዛን ላይ አስቀምጡና ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ስማችሁንና የሠርጉን ቀን ውስጡ ላይ ማስቀረጽም ጥሩ ነው፤ ቀለበቱ ሲገኝ የማን እንደሆነ አያከራክርም። የፎቶውንና የደረሰኙን ቅጂ ለወንድም ወይም ለእህት በቴሌግራም ላኩ፤ ቤት ቢቃጠል ወረቀቱም አብሮ ነው የሚቃጠለው።

ከእናት የተወረሰ፣ ደረሰኝ የሌለው ቀለበት ከሆነ ወርቅ ቤት አስመዝናችሁ በማኅተም የተረጋገጠ የዋጋ ግምት አጽፉ። መጀመሪያ ግን ኩባንያውን «የየትኛውን ወርቅ ቤት ግምት ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ድንጋይ አንድ ነገር፦ የሚያብለጨልጭ ነጭ ድንጋይ ሁሉ አልማዝ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ኪዩቢክ ዚርኮኒያ የሚባል ሰው ሠራሽ ድንጋይ ነው፤ ዋጋው ያለው ወርቁ ላይ ነው። የወሎ ኦፓል ካስገባችሁ ደግሞ ድንጋዩ ውኃ እንደሚመጥ እወቁ። ሲርስ መልኩ ይለወጣል፣ ሲደርቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ኩባንያዎች የዕቃው የራሱ ጉድለት ብለው ነው የሚያስቀሩት፤ ከውኃ ማራቅ የእናንተ ሥራ ነው።

የመድኑን ገንዘብ (ቀለበቱ መድን የሚገባበትን ዋጋ) መወሰን፦ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው

በሕጋችን የንብረት መድን ጉዳትን ይክሳል እንጂ አያተርፍም። የ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም የመድኑ ክፍል አሁንም በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው የሚዳኘው፤ በዚያ መሠረት ካሳው ንብረቱ በጠፋበት ቀን ካለው ዋጋ አይበልጥም። 50,000 ብር የሚያወጣውን በ100,000 ማስገባት ትርፍ አረቦን መክፈል ብቻ ነው።

ባሰ የሚጎዳው ግን ተቃራኒው ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ወርቅም አብሮት ወጣ። ከዚያ በፊት በተገባ ፖሊሲ (የመድን ውል) ላይ ያለው ቁጥር ግን በራሱ አይነሳም።

በስሌት እንየው። የባልና የሚስት ቀለበት እያንዳንዱ 5 ግራም ነው እንበል፤ አንዱ ግራም 6,000 ብር በነበረ ጊዜ ሁለቱን በአንድ ላይ በ60,000 ብር አስገባችሁ። ግራሙ 12,000 ሲደርስ የሚስት ቀለበት ጠፋ። የጠፋው ቀለበት 60,000 ብር ያወጣል፤ የገባችሁበትም 60,000 ነው። ሙሉውን የምታገኙ ይመስላችኋል፤ አይደለም። የሁለቱ ቀለበት ዋጋ አሁን 120,000 ሆኗል፤ መድን የገባችሁት ለግማሹ ብቻ ስለሆነ ካሳውም ግማሽ፣ 30,000 ብር ይሆናል። 10 በመቶ ኤክሰስ ካለ፣ ማለትም ከካሳው ላይ እናንተ የምትሸከሙት ድርሻ፣ እጃችሁ የሚገባው 27,000 ነው። በዚያ ዋጋ ሁለት ግራም ከሩብ ወርቅ ትገዙበታላችሁ፤ የእጅ ዋጋውን ሳይጨምር።

መፍትሔው ሦስት ነው። አንደኛ፣ የግራም ዋጋ በ10 በመቶ በጨመረ ቁጥር ወርቅ ቤት ጠይቃችሁ ገንዘቡን ከፍ የሚያደርግ የፖሊሲ ማሻሻያ አሠሩ፤ ልዩነቱን የምትከፍሉት ለቀሩት ወራት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ዋጋ ሲንር ገንዘቡ በተወሰነ መቶኛ አብሮ ከፍ የሚልበት አንቀጽ መጨመር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ሦስተኛው፣ ከተገኘ፣ አስቀድሞ በተስማሙበት ዋጋ መግባት ነው፤ ይህ ካለ በጠፋበት ቀን ስለ ዋጋ የሚነሳው ክርክር ይቀንሳል።

ሌላው ወጥመድ «የገበያ ዋጋ» የሚለው ቃል ነው። የየትኛው ገበያ? ወርቅ ቤት የሚሸጥበትና ከእናንተ መልሶ የሚገዛበት ዋጋ አንድ አይደለም፤ ሲገዛ የእጅ ዋጋን አይመልስም። ፖሊሲው ላይ «ወርቅ ቤት ተመሳሳዩን የሚሸጥበት ዋጋ፣ የእጅ ዋጋን ጨምሮ» ተብሎ ካልተጻፈ፣ ካሳው በዝቅተኛው ቢሰላ አትደነቁ። በአገልግሎት ብዛት ተብሎ እርጅና ከወርቅ ላይ እንዲቀነስም አትስማሙ፤ ግራሙ እስካልቀነሰ ድረስ ወርቅ ወርቅ ነው።

ሽፋኑን መምረጥ

ቀለበቱ ከጣት የማይወልቅ ከሆነ ከቤት ውጭም የሚሠራውን፣ በቢሮው ቋንቋ ኦል ሪስክ የሚባለውን ጠይቁ። አረቦኑ ይበልጣል፤ ነገር ግን መንገድ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ ውኃ ውስጥ የጠፋውን የሚሸፍነው እሱ ነው። ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ለበዓል ብቻ ለሚወጣ ጌጥ ግን የቤት ንብረት መድኑ ይበቃል። በዚህኛው ላይ ሁለት ጣሪያ ፈልጉ፦ ለአንድ ዕቃ የሚከፈለው ከፍተኛ ገንዘብና ለጌጣጌጥ በጠቅላላ የሚከፈለው። ቀለበታችሁ ከአንድ ዕቃ ጣሪያ ካለፈ በስሙ፣ በግራሙና በካራቱ ለየብቻው ይዘርዘር።

ከዚያ የማይሸፈነውን ዝርዝር ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። በርና መስኮት ሳይሰበር የተሰረቀ፣ የቤተሰብ አባል ወይም የቤት ሠራተኛ የወሰደው፣ እንዴት እንደጠፋ የማይታወቅ፣ ቤቱ ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆኖ ሳለ የተወሰደ፣ ለማጥበብ ወይም ለማጽዳት አንጥረኛ እጅ ላይ ሳለ የጠፋ፤ እነዚህ ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። ጦርነት፣ ሁከትና ሕዝባዊ ዓመፅም እንዲሁ። በዚህ ወቅት ጎጃም ላይ ይህ አንቀጽ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ በተጨማሪ አረቦን የሚጨመር ሽፋን ካለ ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። «ችግር የለም፣ ይሸፈናል» የሚል የወኪል ቃል ፖሊሲው ላይ ካልሰፈረ አይቆጠርም።

አረቦን ስታወዳድሩ ለሁሉም ኩባንያ አንድ ዓይነት ገንዘብና አንድ ዓይነት ኤክሰስ ስጡ፤ አለዚያ ርካሽ የመሰላችሁ ኤክሰሱ ከፍ ያለው ሊሆን ይችላል።

ቅጹን ስትሞሉ ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ጭቃ በሉ። ብሎኬት ብሎ መጻፍ አረቦን ይቀንስ ይሆናል፤ ሆን ተብሎ የተሰጠ ሐሰተኛ ቃል ግን ውሉን ያፈርሰዋል። ፖሊሲው በሁለታችሁም ስም ይሁን።

ቀኑ

ለጥር ሠርግ ቀለበት ታኅሣሥ ላይ ከተገዛ ሽፋኑም ከተገዛበት ቀን ይጀምር እንጂ ከሠርጉ ማግስት አይሁን፤ በመካከሉ ያሉት ሳምንታት ናቸው ቀለበቱ ከእጅ እጅ የሚዞርባቸው። ሚዜው እጅ ላይ ሳለ ቢጠፋስ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። አረቦኑን ከፍላችሁ ደረሰኝ ሳትይዙም ከቢሮው አትውጡ።

ሲጠፋ

በዚያው ቀን ለኩባንያው ደውሉ፣ ቀጥሎ በጽሑፍ አሳውቁና ፊርማ ያለበት ቅጂ አስቀሩ። ስርቆት ከሆነ ፖሊስ ጣቢያ አስመዝግቡና ማስረጃውን ያዙ። ለፖሊስና ለኩባንያው የምትሰጡት ቃል በቀንና በቦታ ይመሳሰል። ኩባንያው ቢያጓትት ዝም ብላችሁ አትጠብቁ፤ ከመድን ውል የሚነሳ ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው ካለፈ በኋላ መክሰስ አይቻልም። ካሳ ከወሰዳችሁ በኋላ ቀለበቱ ከሶፋ ሥር ቢገኝ ለኩባንያው አሳውቁ፤ ቀለበቱን ወይ ታስረክባላችሁ፣ ወይ ካሳውን መልሳችሁ ታስቀሩታላችሁ።